ስለ አገር ንስሐ ስንገባ የምንናዘዘው የማንን ኃጢአት ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሱኝ አንዲት እናት ናቸው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ አገር የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አውጃ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ወንበር እየሰበሰብን ሳለን እኚህ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ እኔ መጡና፣ «ልጄ ፓስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሦስት ቀን ሙሉ አለቀስን። ግን የትኛውን ኃጢአት ነው የተናዘዝነው?» አሉኝ።

መልሱ ቀላል ስለመሰለኝ «እማማ፣ የምድሪቱን ኃጢአት ነዋ!» አልኳቸው። እሳቸው ግን አልተመለሱም። በመጀመሪያው ቀን ስለ አባቶቻችን ጥንቆላና ስለ ዛር፣ በሁለተኛው ቀን በነገሥታቱ ዘመን ስለ ፈሰሰው ደም፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከተማውን ስላጥለቀለቀው ዝሙትና ስካር ንስሐ መግባታችንን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ከዚያም «ዘንድሮ ስለ ፈሰሰው ደም ሲጸለይ ግን አልሰማሁም። ልጄ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ይሙት ይኑር አላውቅም። ስሙን ባታነሱትስ፣ እርስ በርስ ተጋድለናል ብሎ የሚናዘዝ አንድ ሰው ይጥፋ?» አሉኝ።

እማማ ከየትኛው አካባቢ እንደመጡ፣ ልጃቸውም ከየትኛው ወገን እንደተሰለፈ እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው አንባቢ የቀረውን ነገር ወገን ለይቶ ያነበዋል፤ ይህ ራሱ የበሽታችን አንዱ ምልክት ነው። ጥያቄያቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ስለ አገር ንስሐ እንገባለን እንላለን፤ እንጾማለን፣ እናለቅሳለን። ነገር ግን ንስሐችን የሚነካው የሞቱ ሰዎችን፣ ሌሎች ሰዎችን፣ ወይም «ሁላችንንም» ነው። ሁላችንም በድለናል ሲባል ደግሞ በተለይ የበደለ ማንም አይገኝም።

ያለፍንበትን መንገድ እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. በ25 ዓመታት ውስጥ ያልታየ የበረሃ አንበጣ መንጋ በአገራችን ላይ ፈሰሰ። በዚያው ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ ገባ። የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የአንድ ወር አገር አቀፍ ጸሎት አውጆ ጸሎቱ በየቀኑ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። በዚያ ሰሞን በእኛ መድረኮች ሁሉ ከአፋችን የማይጠፋው 2ኛ ዜና 7፥14 ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 13 እግዚአብሔር ሰማይን ስለ መዝጋቱ፣ ስለ አንበጣና ስለ ቸነፈር ይናገራል። የዓመቱን ዜና ያነበብን እስኪመስለን ድረስ ቃሉ ልክ ሆነልን።

ነገር ግን ያ ጸሎት ባበቃ በመንፈቁ ገደማ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ከትግራይ ወደ አማራና ወደ አፋር ክልሎች ተዛምቶ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። የሞቱት ሰዎች ግምት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። በኦሮሚያ ቀደም ብሎ የጀመረው ደም መፋሰስ ሳያባራ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተቀሰቀሰ። «ጸለይን፣ እግዚአብሔር ግን አልሰማንም» የሚሉ ወጣቶችን በምክር ክፍሌ ተቀብያለሁ። እኔ ግን ወደዚያው ጥቅስ ተመልሼ ሳየው ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ቁጥር 14 ከሕዝቡ የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፤ ራስን ማዋረድ፣ መጸለይ፣ ፊቱን መፈለግ፣ ከክፉ መንገድ መመለስ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በመድረክ ላይ ማድረግ ይቻላል። አራተኛው ግን የሚደረገው ከጉባኤው ከወጡ በኋላ ነው፤ እኛም ጥቅሱን በቃላችን እየወጣነው አራተኛው ላይ ስንደርስ ድምፃችን ይቀንሳል።

እኔ ሳልበድል ለምን ንስሐ እገባለሁ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ የሚያነሡትም ቃሉን የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም፣ እያንዳንዱም በራሱ መንገድ እንደሚፈረድበት አጥብቆ ይናገራል። ታዲያ የሕዝብ ንስሐ የሚባለው ከየት መጣ?

የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን ዳንኤል ምዕራፍ 9ን አውጥተን «እኛ» የሚለውን አነጋገር ሁሉ በእርሳስ እንድናከብ አዘዘን። ገጹ በክብ ተሞላ። ዳንኤል በልጅነቱ የተማረከ፣ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ጠላቶቹ እንኳ ነቀፋ ያጡበት ሰው ነው (ዳን. 6፥4)። ኢየሩሳሌም ለፈረሰችበት ኃጢአት ከማንም ያነሰ ድርሻ ያለው እርሱ ነው። ሆኖም «እነርሱ በደሉ» አላለም። ደግሞም አጠቃሎ አላለፈውም። ነቢያት ለነገሥታቱ፣ ለመኳንንቱና ለአባቶች የተናገሩትን አለመስማታቸውን ቦታውንና ማዕረጉን ጠርቶ ተናዘዘ (ቁ. 6)። ነህምያም እንዲሁ ራሱንና የአባቱን ቤት ጨምሮ ነው የተናዘዘው (ነህ. 1፥6)። በምዕራፍ 5 ደግሞ ድሆች ልጆቻቸውን በዕዳ መያዣ ሰጥተው ሲጮኹ ታላላቆቹን ከገሠጸ በኋላ፣ እርሱና ወንድሞቹም ያበደሩ መሆናቸውን በጉባኤ ፊት አልደበቀም (ቁ. 10)። ገዢው በሕዝቡ ፊት የራሱን መዝገብ ከፈተ ማለት ነው።

ሕዝቅኤልና ዳንኤል አይጋጩም። በሕዝቅኤል ዘመን ምርኮኞቹ በደሉን ሁሉ በአባቶቻቸው ላይ ጥለው እነርሱ ንጹሕ ሊሆኑ ፈልገው ነበር፤ ነቢዩ ያንን ማምለጫ ነው የዘጋባቸው። ዳንኤል ደግሞ የማምለጫ በር ክፍት ሆኖለት ሳለ አልወጣበትም። የእኛን ሁኔታ ሳየው፣ የአባቶችን ኃጢአት መናዘዝ ለምን እንደሚቀለን ይገባኛል። የሞቱ ሰዎች አይከራከሩም። ስለ አፄዎቹ ዘመን ደም ንስሐ ብንገባ ከጉባኤው ተነሥቶ የሚወጣ የለም፤ ስለ አምናው ደም ብንናዘዝ ግን አንድ ሰው ቦርሳውን አንሥቶ ይወጣል።

ርቀቱን የለኩት ሽማግሌዎች

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ዘለን የምናልፈው ሥርዓት አለ። ሰው በሜዳ ተገድሎ ይገኛል፤ ገዳዩ አልታወቀም። ምን ይደረግ? ሽማግሌዎችና ፈራጆች ወጥተው ሬሳው ካለበት ቦታ በዙሪያው እስካሉት ከተሞች ድረስ ያለውን ርቀት ይለካሉ። ቅርብ ሆና የተገኘችው ከተማ ሽማግሌዎች ቀንበር ያልተጫነባትን ጊደር ውኃው ወደማይቋረጥ ሸለቆ ወስደው አንገቷን ይሰብራሉ። በካህናቱ ፊት እጃቸውን በጊደሯ ላይ ይታጠባሉ፤ ደሙን እንዳላፈሰሱና እንዳላዩም ተናግረው እግዚአብሔር ለሕዝቡ እንዲራራ ይለምናሉ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ እነዚህ ሽማግሌዎች ገዳዮች አይደሉም። ሕጉም ገዳይ ናችሁ አላላቸውም። ነገር ግን ከቤታቸው ወጥተው ሬሳው አጠገብ መቆም ነበረባቸው። «በእኛ ክልል አይደለም» ለማለት እንኳ መጀመሪያ መለካት ግድ ነው። ከዚያም እጃችን አላፈሰሰውም የሚለውን ቃል በካህናት ፊት ሲናገሩ፣ ያ መንገደኛ በከተማቸው በኩል ሲያልፍ ማን እንዳሳደረው፣ ማን በሩን እንደዘጋበት፣ ማንስ ሲከተለው እያየ ዝም እንዳለ ኅሊናቸው ሳይጠይቃቸው አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ጲላጦስም እጁን ታጥቧል፤ እርሱ ግን የታጠበው ሰውየው ገና በሕይወት ሳለ፣ ሊያድነውም ሲችል ነው።

እኛ ሬሳውን የምንለካው በተቃራኒው ነው። ሰው በሞተ ቁጥር መጀመሪያ የምንጠይቀው «የየትኛው ብሔር ሰው ነው?» ብለን ነው። የእኛ ከሆነ ርቀቱ ዜሮ ይሆንና እንጮኻለን፤ የሌላው ከሆነ ዜናው እስኪጣራ እንጠብቃለን። ይህ በአዲስ አበባ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የሚያገለግሉ ወንድሞች እንዳጫወቱኝ፣ ለዓመታት በአንድ ጽዋ ጌታን ያሰቡ ቅዱሳን በዚያ ጦርነት ወቅት የጸሎት ርዕስ ላይ መስማማት አቅቷቸው በተለያየ ሰዓት መሰብሰብ ጀምረዋል። ቅርብ ከሆነችው ከተማ በአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር የሚርቁ ሰዎች ናቸው፤ ርቀቱ ግን በልብ ነው የሚለካው።

በእጃቸው ካለው ግፍ

ስለ ሕዝብ ንስሐና ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ሲነሣ ነነዌ ትጠቀሳለች፤ መጠቀስም አለባት። አሦራውያን በጭካኔያቸው የታወቁ ነበሩ። ሰናክሬም የይሁዳን ከተማ ለኪሶን በ701 ዓመተ ዓለም እንዴት እንደያዘ፣ ምርኮኞቹንም እንዴት እንዳሠቃየ በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በኩራት አስቀርጾታል፤ ቅርጹ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ዮናስ እንዲህ ወዳለች ከተማ ነው የተላከው።

የንጉሡ አዋጅ (ዮናስ 3፥7-9) የሚያስገርመኝ በውስጡ ባለውም በሌለውም ነገር ነው። ነነዌ በጣዖት የተሞላች ከተማ ብትሆንም አዋጁ ስለ ጣዖታት አንድም ቃል አይናገርም። ጾምን ያዝዛል፣ ማቅንም፤ ከዚያ እያንዳንዱ ከክፉ መንገዱና በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ይጠይቃል። እጃቸው ላይ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር። እግዚአብሔርም የተመለከተው፣ ጽሑፉ እንደሚለው፣ ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው (ቁ. 10)፤ ማቃቸውን እንደቆጠረላቸው አልተጻፈም። ንጉሡ ደግሞ ምሕረቱን በእጁ እንደያዘ አድርጎ አልተናገረም፤ ምናልባት ይመለስ እንደሆነ ማን ያውቃል በሚል ልብ ነው የወደቀው። በእኛ መድረኮች የተለመደው «ስለ ጾምን ዘንድሮ ሰላም ይሆናል» የሚል ትንቢት ከዚህ ንጉሥ ትሕትና ጋር ሲነጻጸር ያሳፍረኛል።

ዮናስስ? በምዕራፍ 4 የተቆጣው እግዚአብሔርን ስለማያውቀው አይደለም፤ ስለሚያውቀው ነው። መሐሪና ርኅሩኅ መሆኑን ከዘፀአት 34፥6 ጀምሮ ተምሮታል፤ ያ ምሕረት የሕዝቡን ጠላት ሲያገኝ ግን ሞትን መረጠ። ትምህርተ መለኮቱ ትክክል፣ ልቡ ግን ዘረኛ የሆነ ነቢይ ነበር። እግዚአብሔር ቀኙንና ግራውን ስለማይለይ ከመቶ ሀያ ሺህ በላይ ሕዝብ፣ ስለ ከብቶቹም ሳይቀር ሲሟገት መጽሐፉ በጥያቄ ያበቃል። እኛ በጦርነቱ ጊዜ «ምሕረትህን ላክ» ስንል ለማን እንዲላክ ነበር የምንለምነው? ወደ መቀሌም ወደ ደሴም ወደ ሰመራም በእኩል እንዲደርስ ነበር?

የተመለሰ ንስሐም አለ። በኤርምያስ ምዕራፍ 34 ንጉሡ ሴዴቅያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ ሳለ ከሕዝቡ ጋር ቃል ኪዳን አደረገ፤ ዕብራውያን ባሮችና ባሪያዎች ሁሉ ነጻ ወጡ። ይህ ስም ያለው፣ የሚቆጠር፣ ሕጉ የሚጠይቀው ንስሐ ነበር፤ እግዚአብሔርም በፊቱ ቅን እንደነበረ መስክሮለታል (ቁ. 15)። ነገር ግን ከበባው ለጥቂት ጊዜ ሲላላ ጌቶቹ ሐሳባቸውን ለውጠው የፈቱአቸውን ሰዎች መልሰው በባርነት ያዙ። የኤርምያስ ቁጣ የነደደው በዚህ ነው። ይህን ምዕራፍ ሳነብ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የነበሩት ወራት ትዝ ይሉኛል። መድፉ ዝም ሲል ስለ በደላችን የነበረው ንግግርም አብሮ ዝም አለ። መንግሥት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽኑም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል። የሁለቱን አካሄድ መገምገም የሌሎች ሥራ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እውነትን ማውጣትና በደልን መካስ የሚሉት ቃላት ከዘኬዎስ ቤት ይልቅ ከፖሊሲ ሰነድ መሰማታቸው ነው። ዘኬዎስ ማንን እንደቀማ ያውቅ ነበር፤ አራት እጥፍ የሚመለሰው ለ«ሁሉም» ሳይሆን ለተቀማው ሰው ነው (ሉቃ. 19፥8)።

ከሩዋንዳና ከጀርመን

ሪቫይቫል ያለበት አገር እርስ በርስ አይጨራረስም የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ልብ አለ። ሩዋንዳን እንመልከት። የምሥራቅ አፍሪካ መነቃቃት ተብሎ የሚታወቀው እንቅስቃሴ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተነሣባቸው ስፍራዎች ዋነኛው በሩዋንዳ የሚገኘው ጋሂኒ የሚስዮን ጣቢያ ነበር። የመነቃቃቱ ልዩ ምልክትም በጉባኤ ፊት ኃጢአትን መናዘዝ ነበር። ሰዎች የሰረቁትን መለሱ፣ ዝሙታቸውን ተናዘዙ፣ የተጣሉትን ታረቁ። ከስድሳ ዓመታት በኋላ፣ በ1994 (እ.ኤ.አ.)፣ አብዛኛው ሕዝቧ ክርስቲያን በሆነባት በዚያች አገር በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቱትሲዎችና ከእነርሱ ጋር የቆሙ ሁቱዎች ተጨፈጨፉ። ንታራማና ንያማታን በመሳሰሉ ስፍራዎች ሰዎች የተገደሉት መጠጊያ ብለው በገቡበት የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ነው።

ያ መነቃቃት ሐሰት ነበር አልልም። ከእርሱ ፍሬዎች መካከል ጎረቤቶቻቸውን ሸሽገው ያዳኑ፣ ለመግደልም እምቢ ብለው የሞቱ ነበሩ። ነገር ግን ስርቆትን የሚናዘዝ አፍ በወገን ላይ ስለሚታሰብ ጥላቻ ሳይናዘዝ ሊቀር ይችላል። ዝሙትን የሚቆጥር ጉባኤ በመታወቂያ ደብተር ላይ የተጻፈ ዘር ሰውን ለሞት ሲያጭ ኃጢአት መሆኑን ላያይ ይችላል። ይህ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለም።

ጀርመኖች ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምሩናል። ጦርነቱ ባበቃ በአምስተኛው ወር፣ ጥቅምት 1945 (እ.ኤ.አ.)፣ የጀርመን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሪዎች በሽቱትጋርት ተሰብስበው ከውጭ አገር በመጡ የአብያተ ክርስቲያናት ልዑካን ፊት የበደል ኑዛዜ አቀረቡ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ማርቲን ኒሞለር በሂትለር እስር ቤትና ማጎሪያ ካምፕ ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ ሰው ነው። ማለትም ዳንኤልን ይመስላል፤ «እኔማ ተቃውሜ ታስሬአለሁ» ማለት ሲችል «እኛ» አለ። በአገሩ የጠበቀው ግን ምስጋና አልነበረም። ከተሞቹ ፈርሰዋል፣ ሕዝቡ ተርቧል፣ ስደተኛው መንገዱን ሞልቷል፤ ብዙዎች «የእኛን ስቃይስ ማን ይናዘዝልናል?» ብለው ተቆጡ። የቆሰለ ሕዝብ ንስሐ ግባ ሲባል እንዲህ ነው የሚለው፤ በእኛም ዘንድ ሰምቼዋለሁ፣ አልፈርድባቸውምም። ነገር ግን ያ ኑዛዜ ራሱ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። አይሁድን በስም አላነሣም። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በአይሁድ ላይ የደረሰውን በደል በስም የጠራው በ1950 (እ.ኤ.አ.) በበርሊን ቫይሰንዜ ነው። ደፋሮቹ ሰዎች እንኳ ያንን አንድ ቃል ለመናገር አምስት ዓመት ፈጀባቸው።

እኛ ወንጌላውያንና የእኛ ድርሻ

እኛ የተበደልን ሕዝብ ሆነን ነው ያደግነው። በደርግ ዘመን የተዘጉ አዳራሾች፣ በየቤቱ በሹክሹክታ የተዘመሩ መዝሙሮች፣ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ እነዚህ የእኛ ታሪክ ናቸው፤ ልንረሳቸውም አይገባም። ችግሩ ራሱን ተሰዳጅ አድርጎ የሚያይ ሰው ሌላውን ሲበድል ቶሎ አይታወቀውም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከአገሪቱ ሕዝብ 18.6 በመቶ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ካውንስላችን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ ከመካከላችን የወጡ ሰዎችም በከፍተኛው የሥልጣን እርከን ላይ ተቀምጠዋል። ጦር ሠራዊት ውስጥ፣ ሚዲያ ውስጥ፣ በየክልሉ ምክር ቤት ውስጥ፣ በተፋላሚዎቹም ወገኖች ሁሉ ውስጥ የእኛ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ሬሳው የትም ቢገኝ ቅርብ ከሆኑት ከተሞች አንዷ እኛ ነን።

ይህን የምለው ከሌሎች ቀድሜ ራሴን ከስሼ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ ሁሉም ሰው በፈራበት በዚያ ወር፣ እሑድ ጠዋት በመድረክ ላይ ቆሜ ስጸልይ «ጠላቶቻችንን በትናቸው» አልኩ። ጉባኤው «አሜን!» አለ። በሦስተኛው ረድፍ የሚቀመጡ ባልና ሚስት ግን አሜን አላሉም፤ አየኋቸው። በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም፣ ከዚያም በኋላ አልመጡም። ሰው ልኬ አላስጠየቅኳቸውም። ቤታቸውን የፈለግኩት የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ማለትም መፈለግ ዋጋ የማያስከፍል ሲሆን።

ወንድም በሩን ከፍቶ አስገባኝ። ባለቤቱ ቡና አፈላች። ስለዚያ ጸሎት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እርሱ ስኒውን አስቀምጦ፣ «ፓስተር፣ ያንን የጸለዩት በመድረክ ላይ ነው። ይቅርታውን ለምን ሳሎናችን ውስጥ ይሉታል?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በሳምንቱ እሑድ ከስብከቱ በፊት ያንን ጸሎት ጠቅሼ መበደሌን ተናገርኩ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ «ቁስል ትቀሰቅሳለህ» ብሎ ተቆጥቶኛል። እነዚያ ወገኖች እስከ ዛሬ ወደ አጥቢያችን አልተመለሱም፤ ሰላምታ ግን አለን።

ታዲያ ምሕረቱ የት ነው? የሚል ይኖራል። ምሕረቱ ባይኖርማ ማን ደፍሮ አፉን ይከፍት ነበር? ዳንኤል በራሱ ጽድቅ ሳይሆን በእግዚአብሔር ምሕረት ብዛት ታምኖ እንደሚለምን ግልጽ አድርጓል (9፥18)። ንስሐ የምሕረት ዋጋ አይደለም፤ ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። የአቤል ደም ከምድር ይጮኻል፣ የኢየሱስ ደም ግን ከእርሱ የሚሻለውን ይናገራል (ዕብ. 12፥24)። ነገር ግን የሚሻለው ደም የአቤልን ስም አልሰረዘውም። በመሣፍንት ምዕራፍ 10 እስራኤል ሲጮኹ እግዚአብሔር ወደ መረጣችኋቸው አማልክት ጩኹ ብሎ መለሳቸው፤ ጣዖታቱን ከመካከላቸው ሲያስወግዱ ግን ስለ መከራቸው ነፍሱ መታገሥ አልቻለችም (ቁ. 16)። ይህ ነው አምላካችን፤ የሚያዝን ልብ አለው፣ ግን አይታለልም። በዘፀአት 34 ራሱን መሐሪ ብሎ በገለጠበት በዚያው ዓረፍተ ነገር በደለኛውን ንጹሕ ብሎ እንደማያልፍም ተናግሯል።

የሪጽፋ ልጆች

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር በጦርነቱ ለሞቱት ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶ አስነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ። በየቤቱ ለቅሶ ነበር። በዚያ ሳምንት በእኛ አጥቢያ የመዝሙር ኮንፈረንስ ነበረን፤ በማስታወቂያ ሰዓት እንኳ አላነሣነውም። በወሎና በጎንደር፣ በአፋርና በወለጋም ሬሳ ሳያገኙ ሐዘን የተቀመጡ እናቶች እንዳሉ እናውቅ ነበር። ስለ እነርሱም አላነሣንም።

ከዚያ በኋላ ነው 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21ን በሌላ ዓይን ያነበብኩት። በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ተከታታይ ረሃብ ሆነ። ዳዊት የእግዚአብሔርን ፊት ሲጠይቅ መልሱ አጠቃላይ አልነበረም፤ ሳኦል ገባዖናውያንን በመግደሉ ነው ተባለ። የገዳዩ ቤት በስም ተጠራ፣ የተገደሉትም ሕዝብ በስም ተጠሩ። በዚያ መንግሥት ውስጥ ገባዖናውያን ባዕድ፣ እንጨት ቆራጭና ውኃ ቀጂ ነበሩ። ዳዊትም እነርሱን ጠርቶ ምን እንዲያደርግላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ቀጥሎ የሆነው አስጨናቂ ነው፤ የሳኦል ዘር ሰባት ሰዎች ተሰቀሉ። ይህን ክፍል ለማለስለስ አልሞክርም፣ ለዛሬ አርአያ አድርጌም አላቀርበውም፤ ደም በደም የሚከፈልበት ዘመን በክርስቶስ አልቋል።

ዓይኔ የሚያርፈው በሪጽፋ ላይ ነው። ከተሰቀሉት ሁለቱ ልጆቿ ነበሩ። ማቅ በዓለት ላይ አንጥፋ ከመከር መጀመሪያ ጀምሮ ዝናብ እስኪወርድባቸው ድረስ ቀን የሰማይ ወፎችን፣ ሌሊት አራዊትን ስታባርር ቆየች። አንዲት ቃል ስትናገር አልተጻፈም። ወሬዋ ለዳዊት ደረሰ፤ እርሱም ተነሣ፣ የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ከኢያቢስ ገለዓድ አስመጣ፣ የተሰቀሉትንም አጥንት ሰበሰበ፣ ቀበራቸውም። ጽሑፉ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን የሰማው ከዚህ በኋላ እንደሆነ ይናገራል (ቁ. 14)። ሰባቱ በሞቱ ጊዜ ነው አላለም። የእናቲቱን ሐዘን ንጉሡ ሰምቶ የሳኦልን ቤት ሙታን በክብር ከቀበረ በኋላ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጾማችን ከመጀመሩ በፊት ለሽማግሌዎች አንድ አሳብ አቀረብኩ። በጦርነትና በግጭት ሰው የሞተበት ቤተሰብ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ስሙን በወረቀት ጽፎ ይስጠን፤ ማዕረግ፣ ብሔርና ጦር ግንባር አይጻፍ፤ ከንስሐ ጸሎቱ በፊት ስሞቹ ይነበቡ አልኩ። ሁለት ሽማግሌዎች አልተስማሙም። አንደኛው ስም ራሱ ብሔርን ይናገራል አለ፤ እውነቱን ነው። ስጋቱን አቃልዬ አላየሁትም፤ ሁለት ሳምንት ተነጋገርንበት። በመጨረሻ እርሱ ራሱ «እኔ ላንብበው» አለ፤ ከአንድ ወገን የመጣ ሰው የሌላውን ወገን ሙታን ስም ቢያነብ ይሻላል ብሎ ነው።

ሃያ ሦስት ስሞች ደረሱን። እማማም ወረቀታቸውን ይዘው መጡ፤ ግን ሳጥኑ ውስጥ አልከተቱትም። ለልጃቸው መርዶ አልደረሳቸውምና በሙታን ስም መሐል መጥራቱን እጃቸው እምቢ አላቸው። ስሙን በሌላ ወረቀት ለብቻው ጻፍነው።